በአሥር ቀኑ ገበያ ውዱ ጎማው ሳይሆን ተራው ነው

የአንድ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ስንት ያወጣል? ጥያቄው ቀላል ነው። ሻጩ ዋጋውን ይጠራል፣ ገዢው ይከራከራል፣ መጨረሻ ላይ ይስማማሉ። ዳሩ ግን ያው ጎማ ከቤት 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሞተረኞች በአንድ ጊዜ በሰፈሩባት ትንሽ ከተማ፣ ያውም በእሑድ ቀን የሚፈለግ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል። ያን ጊዜ ገዢው የሚከፍለው ለላስቲኩ ብቻ አይደለም። ለተራው፣ ለሰዓቱና ለእርግጠኝነቱም ይከፍላል። እንዲያውም ላስቲኩ ከሁሉም የሚረክሰው ክፍል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህንን ጉዳይ ጥርት አድርጋ የምታሳይ ከተማ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ትገኛለች። ስተርጂስ ትባላለች። ነገሩ ለጊዜው የሞተረኞች ወሬ ቢመስልም፣ ዕቃ አስቀድሞ የሚያዝ፣ ቀብድ የሚቀበል ወይም ለአጭር ወቅት ዕቃ የሚያከማች ነጋዴ ሁሉ የራሱን ችግር እዚህ ውስጥ ያገኘዋል።

ገበያው እንዴት ተፈጠረ?

ስተርጂስ በብላክ ሂልስ ተራሮች ግርጌ የተቆረቆረች፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር 7 ሺህ ገደማ የሆነ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1938 ኦገስት ወር፣ ክላረንስ ሆኤል የተባለ የኢንዲያን ሞተር ሳይክል ሻጭ ያቋቋመው ጃክፓይን ጂፕሲስ የተሰኘ ክበብ በዚያ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም አዘጋጀ። የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች 9 ብቻ ነበሩ። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቤንዚን በራሽን ሲታደል ዝግጅቱ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያደገ ሄዶ በዓለም ከታወቁት የሞተረኞች ስብሰባዎች አንዱ ሆነ። 75ኛው ዝግጅት በተከበረበት በ2015 የተገኘው ሕዝብ ከ7 መቶ ሺህ በላይ እንደነበር ተገምቷል። ይህ ማለት ለእያንዳንዱ የከተማዋ ነዋሪ 100 እንግዳ መጣ ማለት ነው።

ዝግጅቱ በየዓመቱ በኦገስት ወር መጀመሪያ፣ በእኛ ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ይከፈትና 10 ቀን ያህል ይቆያል። ለእነዚህ ቀናት ሲባል ከየአቅጣጫው ነጋዴ ይጎርፋል። ከግዛቲቱ ጊዜያዊ የሽያጭ ግብር ፈቃድ አውጥቶ ድንኳን ይተክላል፣ 10 ቀን ይሸጥና ነቅሎ ይሄዳል። ቁልቢ ገብርኤል በሚከበርበት ሰሞን በመንገዱ ዳር ሲነግድ የኖረ ሰው የዚህን ገበያ ጠባይ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ዓመቱን ሙሉ የሌለ ፍላጎት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈላል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይበርዳል።

ጎማው ለምን እዚያ ሲደርስ ያልቃል?

የሞተር ሳይክል ጎማ እንደ መኪና ጎማ ረጅም ዕድሜ የለውም። መሬት የሚነካው ክፍል ጠባብ ነው፣ ላስቲኩም እንዲይዝ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ ይሠራል። የሞተሩ ጉልበት የሚያርፈው በኋላ እግሩ ላይ በመሆኑ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው ቶሎ ይበላል።

ወደ ስተርጂስ የሚወስደው ጉዞ ይህንን ያባብሰዋል። ከምሥራቅ የሚመጣው ሞተረኛ ኢንተርስቴት 90 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ለብዙ ሰዓታት ቀጥ ብሎ ይነዳል። ስለዚህ የጎማው መሐል ብቻ እየተላገ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጎንና ጎኑ ግን እንደ አዲስ ይቆያል። በዚህ ላይ የኦገስት ፀሐይ ያጋለው አስፋልት፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰውና የተጫነ ሻንጣ አለ። ነፋሱ ከጎደለ ደግሞ ጎማው በየዙሩ ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የማለቂያው ምልክት በጎማው ጥርሶች መካከል ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ትንሽ እብጠት ነው። በአሜሪካ ደረጃ ለሞተር ሳይክል ጎማ ይህ ምልክት 0.8 ሚሊ ሜትር ላይ ይደረጋል። ጥርሱ ከዚህ ምልክት ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ግን እዚያ እስኪደርስ አይጠብቁም። ምክንያቱም በዝናብ ጊዜ ውኃን ገፍቶ የሚያስወጣው ጥርሱ በመሆኑ ነው።

የሻጩ ጭንቀት

አሁን ደግሞ ከድንኳኑ ውስጥ ቆመን እንመልከት። ለ10 ቀን ብቻ የመጣው ጎማ ሻጭ ስንት ጎማ ይዞ ይምጣ? ጥቂት ካመጣ በሩ ላይ የቆመውን ገዢ ያጣል። ብዙ ካመጣ የተረፈውን እንደገና ጭኖ መመለስ፣ የማጓጓዣም ሆነ የመጋዘን ወጪ መሸከም ሊኖርበት ነው። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይህንን “የጋዜጣ አዟሪው ችግር” ይሉታል። አዟሪው ማለዳ ስንት ቅጂ እንደሚወስድ መወሰን አለበት። ያነሰው ቅጂ ያመለጠ ትርፍ ነው፣ የተረፈው ቅጂ ማታ መጠቅለያ ነው።

ጎማ ከጋዜጣ የሚብሰው ደግሞ በዓይነቱ ብዛት ነው። በጎማው ጎን ላይ 180/65B16 81H የሚል ጽሑፍ ቢነበብ፣ 180 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 ቁመቱ ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ B የውስጡ አሠራር ዓይነት፣ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 81 እስከ 462 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ H ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር ይነዳል ማለት ነው። ይህ ጎማ ለበርካታ የሃርሊ ዴቪድሰን የረጅም ጉዞ ሞተሮች የኋላ እግር የሚሆን ነው። በ2001 የወጣው የሆንዳ ጎልድ ዊንግ 1800 ደግሞ 180/60R16 ነው የሚፈልገው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ግን በሌላው ቦታ አይተካም።

በዚህም የተነሳ ሻጩ የሚያመጣው በእርግጠኝነት የሚሄድለትን ነው። በስተርጂስ የሚበዛው ሃርሊ በመሆኑ የሃርሊው ልክ ይከመራል። ያልተለመደ ልክ የሚፈልግ የአውሮፓ ወይም የጃፓን ሞተር ባለቤት ግን ያ ሁሉ ጎማ በተቆለለበት ሥፍራ የራሱን ሊያጣ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ በገበያው ውስጥ የጎማ እጥረት የለም፤ ያለው የተወሰነ ልክ እጥረት ነው።

ሁለተኛው እጥረት ከዚህም ይከፋል። እርሱም የሰው እጅ ነው። የኋላ እግር ለመለወጥ ሞተሩን ማንሳት፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት ሻንጣውንና ማርሚታውን መፍታት፣ ዘንጉን ማውጣት፣ የድሮውን ጎማ ከቸርኬው ማላቀቅ፣ አዲሱን ማልበስ፣ ባላንስ ማድረግና ሁሉንም መልሶ መግጠም ያስፈልጋል። አንድ ሠራተኛ ለዚህ አንድ ሰዓት ቢፈጅበትና በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ የሚያስተናግደው 10 ሰው ብቻ ነው። 11ኛው ሰው ገንዘቡ በእጁ፣ ጎማውም በድንኳኑ ውስጥ እያለ ነገ ተመለስ ይባላል። ጎማ በጭነት መኪና ሊጨመር ይችላል፣ በቀኑ ላይ ግን ሰዓት አይጨመርም። “ተራው ውድ ነው” ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

የማዘግየት ሂሳብ

ብዙ ሞተረኛ ጎማው ገና ጥርስ ስላለው ብቻ ሳይለውጥ ይነሳል። ያልበላሁትን ገንዘብ ለምን እጥላለሁ ይላል። አባባሉ ስሜት ይሰጣል፣ ግን በቁጥር እንየው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የኋላ ጎማ 250 ዶላር ያወጣል፣ 15 ሺህ ኪሎ ሜትርም ያገለግላል እንበል። እንግዲያው በእያንዳንዱ 60 ኪሎ ሜትር 1 ዶላር ይበላል። ከቺካጎ የሚነሳ ሞተረኛ ጎማው ላይ 2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ስተርጂስ 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ደርሶ ወደ ዴድውድ፣ ወደ ማውንት ረሽሞር፣ ዋዮሚንግ ድንበር ተሻግሮም ወደ ዴቪልስ ታወር ሲል 800 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ከዚያ መመለሻው 1 ሺህ 500 ነው። በድምሩ 3 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ጎማው እንደማይበቃ ገና ከቤት ሳይወጣ የታወቀ ነገር ነው።

ሳይነሳ ቢለውጥ የሚጥለው የቀረውን 2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 42 ዶላር ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ ሱ ፎልስ ከተማ ቢለውጥ 26 ዶላር ይጥላል። ስተርጂስ እንደደረሰ ቢለውጥ 17 ዶላር ይጥላል። ዞሮ ዞሮ በመጨረሻው ቀን ቢለውጥ የሚጥለው 3 ዶላር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው የታገሠ ሰው ያተረፈው እንግዲህ 38 ዶላር ያህል ነው።

በዚህ 38 ዶላር ምን ዋስትና አጣበት? ልኩ ባይገኝ ወይም ተራው ባይደርሰው አንድ ሌሊት ማደር ግዴታው ይሆናል። በዚያ ሳምንት የመኝታ ዋጋ ሰማይ ይነካል፣ ቀድሞ ያልያዘ ሰውም ክፍል ማግኘቱ ያጠራጥራል። ጎማው በመንገድ ቢፈነዳ ደግሞ የመጎተቻ ክፍያ አለ። ከሁሉ በላይ፣ በሁለት እግር በሚሄድ ነገር ላይ የኋላ ጎማ በፍጥነት ሲነዱ መፈንዳት የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ቀድሞ የሚለውጠው ሰው ኪሳራ ትንሽና የታወቀ ሲሆን፣ የሚያዘገየው ሰው ኪሳራ ግን ወሰኑ አይታወቅም። ነጋዴ ይህንን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ከቤት መለወጥ ይሻላል ማለት አይደለም። ከማያሚ የሚነሳ ሰው እንውሰድ። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 3 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው ላይ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢቀረው፣ ቤቱ ቢለውጥ 83 ዶላር የሚያወጣ ጎማ ይጥላል። ይህ ሰው ስተርጂስ ሲደርስ እንዲለወጥለት አስቀድሞ ቢያዝ የሚጥለው 24 ዶላር ገደማ ነው። ደንቡ እንግዲህ ቀላል ነው። የቀረው ጥቂት ከሆነ ከቤት ለውጦ መነሳት፣ የቀረው ብዙ ሆኖ ደርሶ ለመመለስ የማይበቃ ከሆነ ግን መድረሻው ላይ ማዘዝ ነው። በሁለቱም መንገድ “እዚያ ስደርስ አንድ ነገር አላጣም” የሚለው ሦስተኛው ምርጫ የለም።

ቀብዱ ምን ይገዛል?

አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ቀብድ የከፈለ ገዢ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል። ለራሱ ልኩንና ተራውን ያስይዛል። ለሻጩ ደግሞ “ይሸጥ ይሆን?” የሚለውን ጭንቀት ያነሳለታል። ያልተለመደውን ልክ ሻጩ በራሱ አደጋ አያመጣውም፣ ቀብድ ካለ ግን ያመጣዋል። ገበሬ ሰብሉን ሳያጭድ ከነጋዴ ጋር ዋጋ እንደሚቆርጠው ሁሉ፣ ይህም የወደፊት ዕቃን በዛሬ ዋጋ የመዋዋል አንዱ መልክ ነው።

ውሉ ግን በቃል ብቻ ሲሆን ይላላል። ስለዚህ ከጉዞው ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሚደውል ሰው እነዚህን ነጥቦች ለይቶ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

አንደኛ፣ የሞተሩን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ከጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ያንብብ። የቀድሞው ባለቤት ቸርኬ ለውጦ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው የጎማው ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላ ሂሳቡ ነው። መግጠሚያ፣ ባላንስ፣ አዲስ ቫልቭ፣ የአሮጌው ጎማ ማስወገጃና ግብር ሲደመሩ ከተባለው በእጅጉ የራቀ ቁጥር ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጎማው በስሙ ተጽፎበት ይቀመጥለት እንደሆነ፣ ወይስ “ሊኖረን ይችላል” ብቻ እንደሆነ ይለይ። ትዕዛዙን የተቀበለውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ። ቀብዱ የሚመለስበትን ሁኔታም ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ጎማውን በፖስታ ገዝቶ ወደ መድረሻው የሚያስልክ ከሆነ፣ የሚገጥምለትን ሰው መጀመሪያ ያስማማ። ከሌላ የተገዛ ጎማ አንገጥምም የሚሉ ወይም ለዚያ ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ሱቆች አሉ።

አምስተኛ፣ እግሩን ራሱ ፈትቶ የሚያመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዋጋ ይቀንስለታል፣ ተራውም ያጥርለታል። የጎልድ ዊንግ 1800 የኋላ እግር በአንድ ጎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ እንደ መኪና በብሎን ይፈታል። ሃርሊ ግን ዘንጉን ማውጣት ስለሚጠይቅ ያለ መሣሪያ አይሞከርም።

ስድስተኛ፣ ሁለተኛ አማራጭ ይያዝ። ራፒድ ሲቲ ከስተርጂስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ የአንድ ሱቅ ስልክ ከዚያም ይዞ መሄድ አይከፋም።

ቀኑና ሰዓቱ

በአሜሪካ ብዙ የሞተር ሳይክል ሱቆች ቅዳሜ ሠርተው እሑድና ሰኞ ይዘጋሉ። ቅዳሜ ማታ በመንገድ ላይ ጎማው ያለቀበት ሰው ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ሊጠብቅ ይችላል። መንገዱን ሲያቅድ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሳምንቱ ቀናትም ያስላ።

ሳውዝ ዳኮታ በሁለት የሰዓት ክልል የተከፈለች መሆኗም ይዘነጋል። ከምሥራቅ ወደ ስተርጂስ የሚሄድ አንድ ሰዓት ያተርፋል፣ ሲመለስ ግን ያንኑ ይከፍላል። ከራፒድ ሲቲ ሱ ፎልስ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ከራፒድ ሲቲ ተነስቶ 11 ሰዓት ላይ ሱ ፎልስ ቀጠሮ የያዘ ሰው 8 ሰዓት ያለው ይመስለዋል። በእጁ ያለው 7 ብቻ ነው። ነዳጅ፣ ምሳና ዕረፍት ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ።

ከተለወጠ በኋላ

ተራው ደርሶት ጎማው የተለወጠለት ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቢቆም አይጎዳም። ጎማው ላይ ያለው ቀስት ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑን፣ በጎኑ የተጻፉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚያሳዩ አሮጌ ክምችት አለመሆኑን፣ ዘንጉ አምራቹ ባዘዘው ኃይል መጠበቁን ይጠይቅ። ፍሬኑን ደጋግሞ ረግጦ መያዙን ሳያረጋግጥ አይነሳ። ሠራተኛው በቀን አሥረኛውን ሰው እያስተናገደ እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አዲስ ጎማ ደግሞ ወዲያው አይያዝለትም። አምራቾች የመጀመሪያዎቹን 160 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ፣ ድንገት ሳያጋድሉና በኃይል ሳይረግጡ መንዳት ይመክራሉ። ኒድልስ ሃይዌይ የተባለው የብላክ ሂልስ መንገድ በጠመዝማዛነቱ የታወቀ ነው። ከድንኳኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደዚያ የሚያመራ ሰው ጎማውን ሳያለማምድ ወደ ፈተና ገባ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀጥ ባለው መንገድ ይፍታታ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። በአጭር ወቅት ገበያ ውስጥ ዕቃው በዓይን ስለሚታይ ሁሉም ስለ ዕቃው ዋጋ ይከራከራል። የሚያልቀው ግን የማይታየው ነው፤ ትክክለኛው ልክ፣ ነፃ እጅና የቀረ ሰዓት። እነዚህን አስቀድሞ የገዛ ሰው በጎማው ላይ ጥቂት ዶላር ቢጨምር እንኳ አልተወደደበትም። አበው “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” የሚሉት ለነገር ብቻ አይደለም። ለጎማም ይሠራል፣ ዕቃው ከወደብ ሳይነሳ ገዢውን ለሚያፈላልግ ነጋዴም እንዲሁ።